ከሰማይ የወረደ

አራጌ ክላሹን ከትከሻው ያወረደው ሴት ልጁን መቅደስን የቀበረ ዕለት ነው። ከመኝታው በላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ቆቦ ገበያ ሲወጣም፣ ለቅሶ ሲደርስም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለምም የሚይዘው የወይራ ዱላውን ብቻ ሆነ።

መቅደስ የሞተችው ሰው ሰርግ ላይ ነው። ጎረቤት ልጁን ድሮ፣ ሙሽራዋ ስትገባ ወንዱ ሁሉ እንደ ወጉ ወደ ላይ ተኮሰ። አራጌም ተኩሷል። ጭፈራው እንደደራ መቅደስ ከዳሱ ጥግ ተቀምጣ ራሷን ጓደኛዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ደክሟት እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው ነበር። ጓደኛዋ ነጠላዋን ላስተካክልላት ብላ እጇን ብትሰድ እርጥብ ነገር ነካች። ቀና ብለው ሲያዩ የዳሱ የአገዳ ክዳን ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነበረች።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የተኮሰ ሁሉ እየተጠራ ማለ። ሁሉም ያለው አንድ ነው፤ "የተኮስኩት ወደ ሰማይ ነው።" ደግሞም እውነት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲያወጡ ሲያወርዱ ውለው፣ "ሰው በሰው ላይ አልተኮሰም። ከሰማይ የወረደን ነገር ማን ይከሰዋል?" አሉና መርቀው ተነሱ። አራጌ አልተከራከረም። የማን ጥይት ይሆን እያለ ማሰብ በጀመረ ቁጥር ሐሳቡ ከራሱ ጥይት አልፎለት አያውቅም።

መጀመሪያ ሰው አዘነለት። ሐዘኑ ነው፣ ሲረሳው መልሶ ይታጠቃል ተባለ። ዓመት በዓመት ላይ ተተካ፤ አራጌ አልታጠቀም። ጦርነቱ መጥቶ ካለፈ ወዲህ ደግሞ መሣሪያ ያልነበረውም ባለመሣሪያ ሆኖ፣ በአካባቢው ባዶ ትከሻ የሚታየው የእሱ ብቻ ሆነ። ገበያ ላይ የሚያውቁት ይቀልዱበት ነበር።

"አራጌ፣ ይቺ ዱላህ ስንት ትጎርሳለች?"

"ጦሟን ናት" ይላል፣ አብሮ እየሳቀ።

ቀልዱ እየቆየ ወደ ቅያሜ ዞረ። ያን ቀን ከተኮሱት ብዙዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታ ያሳጥራሉ። አንዳንዱም ራቅ ሲል "ባዶ እጁን እየዞረ ይከሰናል" ይላል።

ከነዚህ አንዱ የሮቢቱ ታደሰ ነበር። ይባስ ብሎ የአራጌ ልጅ አላምረው የወደደው የታደሰን ልጅ ፍሬሰላምን ሆነ።

ሰርጉ ሲቃረብ የአራጌ ታናሽ ወንድም ሞላ ሙሽራውን ይዞ ታደሰ ዘንድ ሄደና ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ተመለሱ። አራጌ ከጓሮ የማሽላ አገዳ እያሰረ ነበር።

"እህ፣ ታደሰ ምን አለ?"

"ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ በል።"

"ቆሜም እሰማለሁ።"

ሞላ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። "'የሙሽራው አባት ባዶ እጁን ደጄ ከመጣ ወይ ንቆኛል፣ ወይ በሰው ፊት ነፍሰ ገዳይ ብሎኛል፤ ሁለቱንም አልችልም' አለ። እንዲያ ከሆነ ሰርጉ ይቅር ነው የሚል።"

"እኔ ማንን ከሰስኩ? አንተን መሣሪያህን ጣል አልኩህ? ታደሰን ጣል አልኩት?"

"አፍህ አላለም። ትከሻህ ነው የሚናገር።"

"ሰው በገዛ ትከሻውም አያዝም?"

"ብቻህን ብትኖር ታዝ ነበር።"

አላምረው እስከዚያ አገዳውን በእግሩ ይነካካ ነበር። "አባዬ፣ ለአንድ ቀን ነው። ጥይቱን አውጣና ባዶውን ያዘው።"

"ሰው ሁሉ ሲተኩስስ? እኔ በአፌ ጧ ልበል?"

ሞላ ሳቁ አመለጠው። አላምረው ግን አልሳቀም።

"ለእሷ ይሄን ሁሉ ዘመን አዘንክላት" አለ። "እኔም እኮ ልጅህ ነኝ። ለኔ አንድ ቀን ብትደሰትልኝ ምን አለበት?"

አራጌ ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ገብቶ ክላሹን አወረደ። አቧራውን ጠረገ፤ ራሱ በቆዳ የጠገነውን ማንገቻ ሳብ ሳብ አድርጎ ፈተሸ፤ ከዚያ አነገተው። ማንገቻው የድሮ ቦታውን ወዲያው አገኘ። ትከሻው አልረሳውም ነበር። አራጌን ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

ሚስቱ ወለላ ከበሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"ልትይዘው ነው?"

"ልጄ ነው እኮ፣ ወለላ።"

"ልጅህማ ነው።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔን ዛሬ ጠየቅኸኝ?" ወደ ውስጥ ገባች። "ሴት ባዶ እጇን ብትሄድ የሚቀየም የለም። ከኋላ ከኋላ ነው የምንሄደው። ማን ያየናል?"

በነጋታው አራጌ ጥይቱን አራግፎ ክላሹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሞላ ቤት ሄደ።

"ከፊት አንተ ሁን። አባት ሁንለት። መሣሪያዬም ይኸው፤ መሣሪያው ከመጣ ታደሰ አልተናቀም።"

"አንተስ?"

"ከሴቶቹ ጋር እመጣለሁ።"

"ጋሼ፣ ኧረ ሰው ይስቅብሃል!"

"ይሳቅ። ሰርግ አይደለም እንዴ?"

ሞላ ብዙ ተከራከረው፤ ከዚያ ጥቅሉን ተቀበለ። አላምረው ይህን ከሰማ ወዲህ እስከ ሰርጉ ቀን ዓይኑን ከአባቱ ዓይን አላጋጠመም።

በሰርጉ ዕለት ወንዶቹ በፊተኛው ሚኒባስ፣ ሴቶቹ በኋለኛው ተሳፈሩ። አራጌ ዱላውን ይዞ የኋለኛው በር ላይ ሲቆም ጭብጨባው ለአፍታ ቀጥ አለ። ጎረቤቱ ራቢዓ ነበረች ያዳነችው።

"ይምጡ ጋሼ አራጌ፣ ከኛ ጋር ይሻልዎታል! ኢቅራ፣ ጠጋ በይላቸው።"

"ዛሬስ እኛም ሚዜ አገኘን!" አለች አንዷ ከኋላ። ተሳሳቁ፤ አራጌም ፈገግ አለ። የራቢዓ ልጅ፣ ትንሿ ኢቅራ፣ ዱላውን ተቀብላ እስከ ሮቢት ድረስ በጉልበቶቿ መሀል ይዛው ሄደች።

ከአስፋልቱ ወርደው ታደሰ ደጅ ድረስ በእግር እየጨፈሩ ደረሱ። ታደሰ ክላሹን እንዳነገተ ከዘመዶቹ ፊት ቆሟል።

"የሙሽራው አባት የታለ?"

"አለሁ!" አለ ሞላ።

አራጌ ይህን ከሴቶቹ መሀል ሆኖ ሰማ። ታደሰ በሞላ ትከሻ ላይ አሻግሮ ተመለከተ፤ አራጌን አየው፤ ዱላውንም አየ። ከዚያ ዓይኑን መለሰና ሞላን አቅፎ ሳመው። እልልታው ቀለጠ።

መጀመሪያ ሞላ በራሱ መሣሪያ ተኮሰ። የታደሰ ወገን መለሰ። ከዚያ ሞላ ያንን በቆዳ የተጠገነ ማንገቻ ያለውን ክላሽ አንስቶ ለሙሽራው ሰጠው። ጥይት ከየት አምጥቶ እንዳጎረሰው አራጌ አላወቀም። አላምረው መሣሪያውን ተቀብሎ ቆመ። ከዚያ ዞረ። በሚዜዎቹ ራስ ላይ፣ በነጠላዎቹ መሀል አባቱን ፈለገው፤ አገኘውም። ከስንት ቀን በኋላ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"በል እንጂ ሙሽራው!" አለ አንድ ሰው። "ሰው ይጠብቃል!"

የአላምረው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳለ አልተሰማም። አፈሙዙን ወደ ላይ አቀና፤ ተኮሰም።

የአራጌ መዳፍ ሳያስበው ሄዶ የኢቅራ አናት ላይ አረፈ። ሌላ እጁ የወለላን ነጠላ ያዘ። ጥይት ሲወጣ ይጮኻል፤ ሲወርድ ግን ድምፅ እንደሌለው ያውቃል።

ተኩሱ አበቃ። ከበሮው እንደገና ተነሣ፤ ሰርገኛው ወደ ዳሱ መግባት ጀመረ። ከፊት፣ ከሞላ ጎን፣ አላምረው ወደ ኋላ ሳይዞር ገባ። ሴቶቹም እየተገፋፉ አለፉ። ወለላ አላለፈችም፤ ነጠላዋን ሳታስለቅቅ ከባሏ አጠገብ ቆመች።

"ጋሼ አራጌ" አለች ኢቅራ ከመዳፉ ሥር ቀና ብላ፣ "ዝናብ እኮ የለም።"

"አዎ፣ የለም።"

"እንግባ እንግዲያ። ሁሉም ገቡ።"

"እንገባለን" አላት። እጁን ግን አላነሣም። "ትንሽ እንቆይ።"