በድርቤ ፈንታ

ዋጋሪና እህቱ ድርቤ ነቀምቴ ውስጥ አንዲት ፎቶ ቤት ነበረቻቸው። እሱ ከኮምፒውተሩ ጋር በተያያዘ ታብሌት ላይ በብዕር የሙሽሮችን ፊት ከፎቶው ሲያጠራ፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ምስሉን «አቅርቢው»፣ ሲሳሳት ደግሞ «መልሽው» ባላት ቁጥር ኪቦርዱን ትነካለት ነበር። ዘንድሮ አግብታ ቢላ ወደምትባል ከተማ ሄደች።

ብቻውን ሥራው ሲጓተትበት፣ ዋጋሪ ማቅረቢያውም መመለሻውም በታብሌቱ ጎን ባሉት ቁልፎች እንዲሠሩ አስተካከለ። የቀን ሙሉ ሥራ ከምሳ በፊት አለቀ።

ከሰዓት ድርቤ ደወለች።

«አካም ኦልቴ፣ ወንድሜ? ሥራ እንዴት ነው?»

«በጣም ፈጠነ።»

«እሰይ። እንግዲህ በጊዜ ቤትህ ትገባለህ።»

«አዎ» አላት።

ቤት የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ስልኩን ዘጋና ከጨረሳቸው ፎቶዎች አንዱን መልሶ ከፈተ። ምንም እንከን የሌለበትን የሙሽራዪቱን ጉንጭ እንደገና ቀስ እያለ ማጥራት ጀመረ።