ምልክት የሌላቸው ሁለት ማሰሮዎች

አፍንጫዬን የክረምት ጉንፋን ወሰደብኝ። ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀኝ፤ ማሽተቴ ግን በዚያው ቀረ። ለማንም አልተናገርሁም። ለምን ብዬ እናገራለሁ? ጎንደር ከተማ እኔን፣ ታየችን፣ የሚያውቃት በምን ሆነና! በጾም ቀን ቅዳሴ እስኪወጣ ወጥ አይቀመስም። ሌላዋ ወጥ ሠሪ ጨውን በግምት፣ ቅመሙን በጸሎት ስትጨምር፣ እኔ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብዬ አንዴ ስስብ የጎደለውን አውቅ ነበር። ባሌ ነጋ በጣሊያን ጊዜ ሞቶ ብቻዬን ስቀር፣ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ግቢያቸው ያስገቡኝ ለዚህ አፍንጫ ብለው እንጂ ለዓይኔ ማማር አልነበረም።

እሜቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የማይሠራ ነገር ቤታቸው አያድርም። እንጀራ ጋጋሪያቸው እናኑ ዓይኗ የደከመ ጊዜ፣ ጠዋት ስለ እንጀራዋ አመስግነዋት ከሰዓት በኋላ ጓዟን አስጭነው ኮሶዬ ገጠር ያለው ወንድሟ ዘንድ ሰደዷት። እኔ ደግሞ ወንድም የለኝም።

ጥቅምት ላይ በሶብላው ሲያብብ እንደየዓመቱ ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። ሐዲጃ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጦስኝ ትሸጣለች፤ ከእሷ ሌላ ደንበኛ ኖሮኝ አያውቅም። አንዱን እስር አንስቼ እንደ ወትሮዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁና፣ «ሸጋ ነው» አልኋት።

ሐዲጃ እስሩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ምነው ታየች? ይሄ እኮ ከሥሩ ሻግቷል። ልጥለው ነው ያስቀመጥሁት!» ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መቼ ነው የጠፋብሽ?» አለችኝ።

«ምኑ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«አትቆጪኝ። ደህና ደህናውን እኔ እመርጥልሻለሁ። አንቺ ብቻ የጾሙንና የፍስኩን ማሰሮ ምልክት አድርጊባቸው። ክር እሰሪባቸው፣ እኅቴ።»

በሶብላ ታጥቦ አይቀመጥም፤ ውኃ ያጠቁረዋል። ግማሽ ቀን ጥላ ውስጥ ሰፌድ ላይ አጠወለግሁት፣ ቅጠሉንና አበባውን ከግንዱ ለየሁና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከጨው ጋር በሙቀጫ ወቀጥሁት። እኩሌታውን በንጥር ቅቤ፣ እኩሌታውን በኑግ ዘይት ለውሼ በሁለት ማሰሮ ከተትሁ። እንዲህ ከተቀመጠ እስከ ፋሲካ ሽታው አይለቅም፤ ዘንድሮ ግን እኔ ምን አውቃለሁ።

ክሩንም ቆርጬ ነበር። ኋላ ግን እሜቴ ብቅ ብለው ቢያዩት ምን ይላሉ ብዬ አሰብሁ። ታየች ከመቼ ወዲህ ነው ክር የሚያስፈልጋት? ክሩን ምድጃ ውስጥ ጣልሁት። የፍስኩን በቀኝ፣ የጾሙን በግራ አስቀመጥሁ፤ ግራና ቀኜን የማላውቅ ሕፃን ነኝ እንዴ!

የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ዓርብ፣ የእሜቴ የንስሐ አባት አባ ኃይለ ማርያም ከቅዳሴ በኋላ እኛ ዘንድ ጾም ሊፈቱ ተጠሩ። በስደት ዘመን ዱር ለዱር ሲንከራተቱ እንኳ አንዲት ቀን ጾም ያልሻሩ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ብርዱ በማሰሮዎቹ ያለውን አወፍሮት ስለነበር ምድጃ አጠገብ አስጠጋኋቸው። እንጨት ስቆሰቁስ ወዲህ አደረግኋቸው፤ ጢሱ ሲበዛ ወዲያ። ሲሞቅ ቅቤውም ቀልጦ እንደ ዘይቱ ሆነ፤ ሁለቱም ያው የጠቆረ አረንጓዴ ናቸው። በግራ ካለው ሁለት ማንኪያ ጨልፌ የአተር ክኩ ወጥ ውስጥ ጨመርሁ። ከልማድ የተነሣ ጎንበስ ብዬ ሳብሁ። ትኩስ እንፋሎት ፊቴን መታኝ፤ ሌላ ምንም የለም።

እንጀራው ላይ አውጥቼ ማድቤት ስመለስ፣ ጭልፋው ጫፍ ላይ ቢጫ ነገር ረግቶ አየሁ። በጥፍሬ ፋቅሁት። ዘይት አይረጋም።

ከእልፍኝ የአባ ጸሎት ይሰማል። ሌላ ጊዜ ሲያረዝሙት ወጡ ቀዘቀዘ ብዬ አጉረመርም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ባያልቅ ብዬ ለመንሁ። ዝም ብል ማን ያውቃል? እሜቴ ማንን ይጠራጠራሉ? ሽማግሌው ግን ሰማንያ ዓመት የጠበቁትን በእኔ እጅ ሊያጡት ነው።

ብልሃት መጣልኝ። ማስታጠቢያ ይዤ ገባሁ፤ ልክ «አሜን» ሲባልና አባ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ቀሚሴ ጠለፈኝ ብዬ መሶቡ ላይ ወደቅሁበት። ወጡ ምንጣፉ ላይ ተደፋ።

«እኔን! ተጎዳሽ ልጄ?» አሉ አባ።

እሜቴ ግን፣ «አይዞሽ፤ ድስቱ ውስጥ ሞልቶ የለም? አምጪ እንጂ፣ አባ ከትናንት ጀምረው እህል አልቀመሱም» አሉኝ።

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ተንበርክኬ እንዳለሁ፣ «አይሆንም፣ እሜቴ። ቅቤ ገብቶበታል» አልሁ።

አባ አማተቡ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉና፣ ንጹሕ እንጀራና ጨው ይምጣልኝ ብለው ለመኑ። እሜቴ አልተነሡም።

«ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ። ማሰሮ ተሳስቼ።»

«አንቺ?» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ወደ ደጃፉ ወጡ፤ ጤና አዳሙ የተተከለው እዚያ ነው። ተመልሰው ፊቴ ቆሙ። «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ምንድን ነው ይሄ?»

የእጃቸው ሙቀት ከንፈሬ ላይ ተሰማኝ። በረጅሙ ሳብሁ።

«ጤና አዳም ነው፣ እሜቴ። ትኩስ፣ አሁን የተቀነጠሰ።»

ዓይኔን ገለጥሁ። እጃቸው ባዶ ነበር።