በእናቱ ካባ የተሸፈነው መስታወት

መስታወቱን የሸፈነችው የሠዓሊው የአማንድ እህት ጎደሊፍ ነች። በቤልጂየሟ ብሩዥ ከተማ አንድ ቤት ሬሳ ካለ ሰዓቱ እንዲቆም ይደረጋል፣ መስታወት ሁሉ እስከ ቀብሩ ድረስ ይሸፈናል፤ ይሄን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ምድር ቤት ያሉትን በአንሶላ ሸፈነቻቸው። ጣሪያ ስር፣ አማንድ የሚስልበት ክፍል ያለውን ትልቁን መስታወት ግን በእናታቸው ጥቁር ካባ፣ በዚያ ከቆቡ ጋር በተሰፋው ነው የሸፈነችው።

እና አማንድ አሁን ብሩሹን ይዞ ካባው ፊት ተገትሯል። አጠገቡ ራሱን የሳለበት ሸራ ቆሟል፤ አራት ወር ሙሉ የለፋበት። ስዕሉ ላይ በእጁ የደረቀ ነጭ አበባ ይዟል፤ ከኋላው ጥቁር ውሃ፣ ውሃው ላይ ደግሞ ሰው የሌለበት ጀልባ። «መልኬን አይደለም፣ ነፍሴን ነው የምስለው» ይላል ሁልጊዜ። ጎደሊፍ ደግሞ «ታዲያ ነፍስህን ለመሳል መስታወት ምን ይሠራልሃል?» ትለዋለች።

ሁሉም ነገር አልቆ ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል። በዓይኖቹ ቦታ ሁለት ግራጫ ጉድጓዶች ናቸው ያሉት። ጋሪው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል፤ ስዕሉን ወስዶ የብራሰልስ ባቡር ላይ ሊጭን። እዚያ የሚከፈተው የስዕል ኤግዚቢሽን ካመለጠው ሌላ የሚጠራው የለም። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ እስካሁን የጠሩት የዚህ ኤግዚቢሽን ሰዎች ብቻ ናቸው።

እናቱ የሞተችው ትናንት በዚሁ ሰዓት ነው።

ጠርታው ነበር እኮ! ከታች፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ በዚያ በቀጠነ ድምጿ «አማንድ!» አለች። «መጣሁ እማዬ» አለ፤ ግን ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምጽ። ያን ሰዓት መስታወቱ ውስጥ፣ ዓይኑ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ያለ መስሎት ነበር፤ ብርሃኑ እንዳያመልጠው ሰጋ። «አማንድ!» አለች እንደገና። ብሩሹን አላስቀመጠም። ሦስተኛውን አልሰማሁም ብሎ ራሱን ለማሳመን ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አደረ። ሰምቷል።

ሲወርድ ጎደሊፍ የእናታቸውን ዓይን በጣቶቿ እየከደነች ነበር። አልጋው አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር ተስቦ ቆሟል። ለእሱ ነው የተሳበው። ከበሩ ላይ ሆኖ አየና ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ክፍል አልገባም።

«አንድ አፍታ ብቻ» አለ ለራሱ፤ የካባውን ጫፍ ያዘ። ካባው እናቱ ዳንቴል ስትሠራ ለማጠንከሪያ የምትቀባውን ስታርች ይሸታል፤ እሷን እሷን። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠው።

ሲያይ፣ መስታወቱ ውስጥ ሁለት ያበጡ፣ የቀሉ፣ የትም መሸሸጊያ ያጡ ዓይኖች አፍጠውበታል። አራት ወር ሙሉ ሲፈልጋቸው የነበሩት ዓይኖች! ታዲያ ምን ተሰማው? ደስ አለው። እውነት ደስ አለው። ቶሎ ብሎ ብሩሹን ቀለም ነከረና ቀና ሲል፣ ደስታውን መስታወቱ ላይ፣ እዚያው ዓይኖቹ ውስጥ አየው።

ብሩሹ ሸራው ላይ ሳያርፍ ቀረ።

«ገለጥከው?» ጎደሊፍ ነች፤ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማለች።

«ጎደሊፍ፣ ስሚኝማ...»

«ሳትቀበር? ነፍሷ ገና ከዚህ ቤት ሳትወጣ? አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ሳታይ አንድ ቀን መዋል ያቅትሃል?»

«ጋሪው ሊመጣ ነው። የቀረኝ ዓይኑ ብቻ ነው...»

«ምን ብዬ እንደሸኘኋት ታውቃለህ?» ድምጿን አላነሳችም። «‹የት ሄደ?› አለችኝ። ‹ቄሱን ሊጠራልሽ ሮጧል› አልኳት። ‹በዚህ ዝናብ? ኮቱን ለብሷል?› አለችኝ። ለብሷል አልኳት። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም።»

ከመንገዱ የፈረስ ኮቴ ተሰማ፤ ወዲያው በሩ ተደበደበ።

«ጌታው!» አለ ባለጋሪው ኮርኔል ከታች። «ፈረሴ በዝናብ በሰበሰ እኮ! ያቺ የሚስሏት ነፍስዎ ገና አልደረቀችም እንዴ?»

«የለም በይው» አለ አማንድ በሹክሹክታ።

«ላንተ ብዬ የምዋሸው አንድ ውሸት ነበረኝ፤ እሱም ትናንት አለቀ። ራስህ ንገረው።»

ብሩሹን አስቀመጠ። ካባውን አንስቶ መስታወቱ ላይ መልሶ ጣለው፤ ቆቡን ሳይቀር አስተካከለ። ከዚያ ወርዶ በሩን ከፈተ።

«ስዕሉስ?» አለ ኮርኔል።

«አላለቀም።»

«ባቡሩ አይጠብቅም እኮ ጌታው!»

«አውቃለሁ። እናቴ ሞታለች። አጠገቧ ልቀመጥ ነው።»

ኮርኔል ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ ጌታው፣ አልሰማሁም» አለና ፈረሱን አዙሮ ሄደ።

ወንበሩ ትናንት እንደተሳበ ነው። አማንድ ተቀመጠ። የተከደኑትን ዓይኖቿን አየ፤ ወዲያው፣ ሳያስበው፣ የዓይን ቆቦቿን ጥላ በምን ቀለም እንደሚያወጣው ማሰላሰል ጀመረ። ግራጫ፣ ትንሽ ሰማያዊ ጣል ተደርጎበት... ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ምን ሆንክ?» አለች ጎደሊፍ።

«አሁንም እየሳልኳት ነው።»

ጎደሊፍ ሌላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እጅህ ሥራ ከፈለገ» አለችው፣ «እጇን ያዝ።»

ያዘ።