የአምስተኛው ቀን ፋሻ

ሐኪሟ አጎንብሳ አፍንጫዋን ወደ ፋሻው አስጠጋችና ቶሎ ቀና አለች። ትናንት "የደረቀ ደም ነው" ብላ ያለፈችው ሽታ ዛሬ ብሶበት ነበር። ጣፋጭ ነገር የተቀላቀለበት፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ነው። በቃጠሎ ክፍል ዓመታት የሠራ ሰው አይስተውም፤ ቁስል ሲያመረቅዝ የሚያመጣው ነው።

"እንዴት አደርሽ?" አለች፣ ፊቷ ላይ ምንም እንዳይነበብ እየተጠነቀቀች።

"ምን አድራለሁ፣ በረደኝ እንጂ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርበውልኝም ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው ያደረው።"

ታካሚዋ ፀጉር ሠሪ ናት። የፊት ፀጉር ለማንሳት የምታቀልጠው ሰም ተደፍቶባት የቀኝ እጇ ጀርባ ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ሥር ተልጦ ነው የመጣችው። ከጭኗ ቆዳ ወስዳ እዚያ ላይ የተከለችላት፣ ሰፍታም በወፍራም ፋሻ ያሰረችላት ይህችው ሐኪም ነች።

"ደግሞ ዛሬ ይሄን ፀጉርሽን ምን አደረግሽው?" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "እጄ ይዳን ብቻ፣ ከዚህ ጉድ የማወጣሽ እኔ ነኝ።"

"ፈተና አለብኝ። ማን ፀጉር ያያል ብለሽ ነው?"

"የምን ፈተና? አሁንም ትማሪያለሽ? እኔማ ጨርሰሻል ብዬ ነው እጄን የሰጠሁሽ!"

ሁለቱም ሳቁ። የሐኪሟ ሳቅ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

የተተከለ ቆዳ እንዲይዝ ጠበቅ ተደርጎ መታሰር አለበት፤ ደህና ከሆነ በአምስተኛው ቀን ይፈታል። ከሸተተ ወይም ታካሚውን ካተኮሰው ግን ቀን የለውም፣ ወዲያው ተከፍቶ መታጠብ አለበት። ይህን ለተለማማጅ ሐኪሞች በየወሩ የምታስተምረው እሷ ራሷ ነች። ችግሩ ፕሮፌሰሩ ናቸው። ለፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻላይዜሽን የሚያመለክት ሁሉ በእሳቸው ፊት አንድ ታካሚ ላይ ቆዳ ይተክላል፤ በአምስተኛው ቀን ከቃለ መጠይቁ በኋላ ፋሻው በፈታኞቹ ፊት ይከፈታል። ከዚያች ሰዓት በፊት የከፈተ በእጁ የማይተማመን ፈሪ ነው ይላሉ። አምና አንዱ አመልካች ሥጋት ገብቶት አስቀድሞ ከፈተ። ቆዳው በደንብ ይዞ ነበር፣ ምንም አልሆነም። ፕሮፌሰሩ ግን ከዚያ በኋላ የልጁን ፊት ዞር ብለው አላዩትም።

ዘንድሮ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ አመልካቾቹ ሁለት። እሷ ስታመለክት ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ሲሆን፣ ከዘንድሮ ካለፈ ዕድሜዋ ከተቀመጠው ገደብ ያልፋል። አሁን ብትከፍተው፣ ብታጥበው፣ መድኃኒት ብታደርግበት ምናልባት ግማሹ ይተርፋል። ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው፤ ከሰዓት ለሚከፈት ነገር ግማሽ ቀን ምን አላት ብላ ራሷን ሞገተች። ትናንትም እንዲሁ ነበር ያለችው፣ "እስከ ነገ ምን ይሆናል"።

የትኩሳት ማስታገሻ ሰጠቻት። "ከሰዓት እንከፍተዋለን። እጅሽን እንዳታነቃንቂው።"

"ኧረ እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት!"

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጮኸ። ታላቅ እህቷ ናት። የደንብ ልብስ እየሰፋች ያሳደገቻት፣ አሁንም መጣች ቀረች የምትልላት እሷ ነች።

"ዛሬ ሥራ አልገባሁም። እንዴት ብዬ ልስፋ?"

"እትዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የምትፈተኚው?"

"ታዲያ ማን ነው? ስታጠኚ አብሬሽ የነቃሁት እኔ አይደለሁም? የጎረቤታችን ልጅማ አፍንጫዋን እንድታስተካክይላት ከአሁኑ ወረፋ ይዛለች።"

"አፍንጫ አይደለም አልኩሽ እኮ።"

"ምንም ይሁን። ብቻ እለፊልኝ።"

ለእህቷ ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። ይህን ሙያ የተመኘችው በቃጠሎ አገጩ ከደረቱ የተጣበቀ ሰውዬ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቀና ብሎ ጣሪያ ያየ ዕለት ነበር። ጣሪያው እርጥበት የጠጣ፣ ቀለሙ የተላላጠ ነው። ሰውዬው ግን ዓይኑን ሊነቅል አልቻለም።

ቃለ መጠይቁ ጥሩ ሄደ። ፕሮፌሰሩ በሁለት ፈታኞች መሐል ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይሰሟታል። የመለሰችውን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ። በመጨረሻ አንደኛው ፈታኝ ጠየቃት።

"የተተከለ ቆዳ ያለ ቀኑ የሚከፈተው መቼ ነው?"

ከመመለሷ በፊት ሰዓቷን አየች።

"ትኩሳት ሲኖር፣ ሕመም ሲጨምር፣ ፋሻው ሲሸት። ያን ጊዜ ቀን አይጠበቅም።"

"ግሩም ነው" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ይህችን ልጅ ድሮም አውቃታለሁ።"

በራሷ አፈረች። ተነስታ መሄድ፣ ሮጣ መክፈት ትችል ነበር። አመስግና ወጣችና ሻይ ቤት ገብታ ያዘዘችውን ሻይ ሳትቀምሰው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠች።

ከሰዓት በመጀመሪያ የተከፈተው የሌላኛው አመልካች ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ቀጮ ይለዋል፤ ከቀጭንነቱ የተነሳ ጋውኑ ማንጠልጠያ ላይ ያለ ነው የሚመስለው። የእሱ ታካሚ ቆዳ እንደ ሕፃን ተረከዝ ቀልቶ፣ ዳር እስከ ዳር ተቀምጦ ነበር። ፕሮፌሰሩ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እሱም ላቡን ጠርጎ ከክፍሉ ወጣ።

ወደ ፀጉር ሠሪዋ አልጋ ሲደርሱ ሽታው ቀድሞ ተቀበላቸው። ሐኪሟ ስፌቱን በጠሰች፣ ፋሻውን በውኃ አራሰች፣ ቀስ አድርጋ አነሳች። ቆዳው ከፋሻው ጋር ተነሳ። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ መግል ነው፤ በጣቶቿ ሥር ነጫጭ ጅማቶች አፍጥጠው ይታያሉ። አንደኛው ፈታኝ መሐረቡን አወጣ።

ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለፈታኞቹ ተናገሩ።

"ስፌቱ ንጹሕ ነበር፣ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ታካሚዋ አነቃንቃዋለች። እንዲህ ያለው በማንም ይደርሳል፤ ለዚህ ተብሎ እንዲህ ያለች ልጅ አትጣልም።"

ነገሩ እዚያው አለቀ ማለት ነው። የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ቦታው የእሷ ነው። ሐኪሟ የተሰማት ደስታ ነው፤ አልካደችውም።

ፀጉር ሠሪዋ ግን ሰምታለች። እጇን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፣ አሁን ተመለሰች።

"እውነታቸውን ነው" አለች። "ሌሊት ሲያንቀጠቅጠኝ አነቃንቄው ይሆናል። ምን ላድርግ፣ አልታወቀኝም። ዶክተርዬ፣ ይቅር በይኝ። ይሄን ያህል ለፍተሽብኝ…" እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። በግራ እጇ ልትጠርገው ሞከረች። "መቀስ እይዝበታለሁ አይደል?"

ፕሮፌሰሩ ለመሄድ ዘወር ብለው ነበር።

"አላነቃነቅሽውም" አለች ሐኪሟ።

"ምን አልሽ?" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

"አላነቃነቅሽውም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ትናንትም ሸትቶኝ ነበር፣ ዛሬ ጠዋትም። ያን ጊዜ መክፈት ነበረብኝ። ፈተናዬ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው የተውኩት።"

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉና አዩዋት። "ይበቃል፣ ዶክተር" አሉ። "ይህችን ልጅ" ያሉበት የአባትነት ድምፅ ጠፍቶ ነበር። ተራመዱ፤ ሁለቱም ፈታኞች ተከተሏቸው።

ፀጉር ሠሪዋ አሁን አታለቅስም።

"ጠዋት እኔ ስለ ፀጉርሽ ስቀልድ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እየሳቅሽ?"

ሐኪሟ ቁስሉን ልታጥብ እጇን ዘረጋች። መቀስ መያዟ ያጠራጥራል፤ ከጅማቶቹ ሁለቱ ደርቀው ነበር።

"እንግዲያው አትንኪኝ" አለች ፀጉር ሠሪዋ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "ሌላ ሐኪም ይምጣልኝ።"

ሐኪሟ ይቅርታ ማለት ፈለገች። ይቅርታው የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ግን አጣችው። ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ኪሷ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ናት። አላነሳችውም።

ሌሎቹ ቀዶ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ክፍል ናቸው፤ በቅርብ ያለው ቀጮ ብቻ ነው። በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል።

"ምን ነካሽ?" አላት በሹክሹክታ። "አልቆልሽ ነበር እኮ! ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?"

ያዘነ ይመስላል፣ የእውነትም አዝኖ ይሆናል። ዓይኑ ውስጥ ግን ሊደብቀው ያልቻለ ደስታ ነበረ፤ ቦታው የእሱ ሆኗል። አየችው። ልትጠላው ሞከረች፣ በእሱ ቦታ ብትሆን እሷም እንዲሁ ደስ ይላት እንደነበር ስለምታውቅ አቃታት። ሌላ ተረኛ እስኪመጣ መጠበቅም ይቻል ነበር፣ ቢያንስ በእሱ እጅ እንዳይሆን። መስፋት ግን ያውቅበታል።

"ግባ፣ አንተ ያዛት" አለችው። "ቶሎ በል። ቁስሉን ክፍቱን ነው የተውኩት።"