አሥራ ሁለት ቁጥር

ሦስተኛው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ለሙከራ ኮረንቲ ሲነካው ጧ ብሎ ፈነዳ። ካቦው ገመዱን ነቀለና ጭሱን በእጁ እያራገበ ቦርዱን ገለበጠው። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር አሥራ ሁለት ነው፤ የእትዬ የሠራተኛ ቁጥር።

"እትዬ፣ ምን ነካሽ?" አላት። ፋብሪካው በሙሉ ከታናሽ እህቷ አፍ ተቀብሎ እትዬ ነው የሚላት። "ካፓሲተሩን ገልብጠሽ በይደሽዋል። አርባውንም ቦርድ።"

አጉሊ መነጽሩን ስባ አየች። እውነቱን ነው። በአንድ በኩል መግጠም ሲገባቸው፣ ቦርዱ ላይ የተሳለው ምልክት በስተግራ፣ የካፓሲተሩ ነጭ መስመር በስተቀኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስትበይድ አንድም ቀን እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ይሄንንም እሷ አልሠራችውም። ከአምስት ወር ወዲህ ቀኝ እጇ እየተንቀጠቀጠ ወረንጦ አልይዝ ስላላት፣ ጥቃቅኑን ሥራ አጠገቧ የምትቀመጠው እህቷ ናት በድብቅ የምትሠራላት። ትናንት ደግሞ እህት ተብዬዋ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትገለፍጥ ዋለች። "ኧረ ልብ አድርጊ" ብትላት፣ "አንቺ ደግሞ፣ ዓይኔን ጨፍኜም እሠራዋለሁ" ነበር መልሷ።

አሁን እውነቱ ቢወጣ ምን ይፈይዳል? በሌላ ሰው ቁጥር የሠራም ያሠራም ይባረራል። ሁለቱም ሜዳ ላይ ከሚቀሩ አንዷ ትትረፍ። እትዬ "ጥፋቱ የኔ ነው" ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

ካቦው ግን ወደ እህትየዋ ዞረ። "አንቺስ፣ አጠገቧ ተቀምጠሽ አላየሽም?"

"ኧረ ስንቴ ነገርኳት" አለች እህትየዋ፣ ቀና ሳትል። "እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይቅርብሽ አልኳት። እምቢ አለችኝ።"

ወይ ጉድ። ዝም ብትል ምን ነበረበት? ዝምታዋንማ ይቅር ትላት ነበር። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አሳድጋ፣ መበየጃ አስይዛ አስተምራ፣ ደጅ ጠንታ ያስቀጠረቻት ልጅ ናት እንዲህ የምትለው።

"እስቲ እጅሽን ዘርጊ" አላት ካቦው።

ዘረጋች። ጣቶቿ በሰው ሁሉ ፊት ተርገበገቡ። ካቦው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑን ሰበረ። "ምናለ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ? በቃ፣ ስንብቱ ላይ ፈርሚ።"

ስሟን አንጋዳ ፈረመች።

ጋዋኗን አውልቃ ስትወጣ እህትየዋ ደረጃው አፍ ላይ ደረሰችባት። "እትዬ፣ ሁለታችንም ከምንባረር ብዬ እኮ ነው። ማታ ቤት እናውራ።"

"የምናወራው የለም። ሥራሽን አልነካብሽም፤ ሂጂና ሥሪ። መኖሪያ ግን ሌላ ፈልጊ።"

"የት እገባለሁ? ደሞዝ እንኳ ገና አርብ ነው።"

እትዬ ብትጨክን ደስ ባላት፤ አልሆነላትም።

"እንግዲያው እስከ አርብ እደሪ" አለችና ወረደች።