ከሳቁ በኋላ የተነገረው

ገርባ ኩንታሉን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ዱቄቱ ይቦናል፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ እሱ ግን ጆንያውንም አልለቀቀ፣ ቀናም አላለ። ከኋላው ተራ የሚጠብቀው የሥራ ባልደረባው መሐመድሰዒድ የሚቀልድ መስሎት ገፋ አደረገው። ፊቱን ሲያየው ግን ኩንታሉን ራሱ ተሸክሞ ወሰደለት።

"ምን ሆነሃል?"

"ወገቤን ነው።"

ወገቡን አልነበረም። ማለዳ ለአከራዩ ለወይዘሮ አበዛሽ ሆዴን አመመኝ ብሏቸው ተልባ በጥብጠው አጠጥተውታል። ባለሱቁን ደግሞ ሽንት ያቃጥለኛል ቢለው፣ ጨብጥ ነው ብሎ ቴትራሳይክሊን ሸጠለት። ገርባ ሴት ነክቶ አያውቅም፤ ጨብጡ ከየት እንደመጣ ግራ እየገባው ዋጠው። ለአንዱ ሆድ፣ ለሌላው ሽንት፣ ለሦስተኛው ወገብ እያለ፣ የሚያመውን ትቶ የዋሸውን ሲታከም ረፈደ።

እውነቱ ለሰው የሚነገር አልሆነለትም። ገርባ አልተገረዘም። በአገሩ፣ በፈንታሌ በኩል፣ ወንድ ልጅ በጨቅላነቱ አይገረዝም፤ ዓመታት ጠብቆ፣ ከገዳ እኩዮቹ ጋር፣ ሽማግሌዎች ባሉበት ነው። አባቱ ወደ ናዝሬት ሲሸኙት አጥብቀው የተናገሩት ይህንኑ ነበር፤ የከተማ ምላጭ እንዳይነካህ፣ ተለይተህ ከተገረዝክ ከእኩዮችህ አትቆጠርም አሉት። ከተማው ደግሞ ሌላ ነው። ክርስቲያኑ በስምንት ቀኑ፣ እስላሙም በልጅነቱ ይገረዛል፤ ቆላፍ መባል ስድብ ነው። ገርባ አፉን ዘግቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ጣጣውን ያመጣው የትናንቱ የቀበሌ ስብሰባ ነው። የካድሬው ንግግር ካለቀ በኋላ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ዘገዬ ስለ ንጽሕና ለማስተማር ተነሱ። ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ እጅ መታጠብ ሲናገሩ ቆይተው፣ "ያልተገረዘ ሰው ካለ ደግሞ ሸለፈቱን ወደኋላ እየመለሰ ይታጠብ" አሉ። አዳራሹ አውካካ። መሐመድሰዒድ ከሁሉ በላይ እየሳቀ፣ እዚህ ማን ቆላፍ አለና ነው ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። ገርባና አጠገቡ የተቀመጠው የአገሩ ልጅ ወዬሳ ወለሉን ያዩ ነበር። ገርባ ቀና ሲል የድሬሰሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ፤ ያሉትን ግን አልሰማም።

አመሻሹ ላይ በሩን ዘግቶ በሳሙና ታጠበ። ሸለፈቱ ጠባብ ነው፤ ወትሮም ወደኋላ አይልለትም። የተማረ ሰው ያዘዘው ነው ብሎ እያመመው በግድ ሳበው። ወደኋላስ ሄደ፤ ወደ ቦታው መመለስ ግን እምቢ አለ። እንዲህ ሆኖ መቅረት ያለበት ይሁን አይሁን የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። ሲነጋ አብጦ፣ ቆዳው እንደ ጠባብ ቀለበት አንቆት ነበር። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ይቆርጡታል፤ ባይሄድ ምን እንደሚሆን አያውቅም።

ቀትር ላይ መሐመድሰዒድ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ሊሸና ሲያምጥ አገኘው። ምንም ሳይጠይቅ ጋሪ ጠርቶ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ፈረሱ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ገርባ ጥርሱን ይነክሳል።

ድሬሰር ዘገዬ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ገርባ ወገቤን ብሎ ጀመረ።

"ወገቡን የታመመ ሰው እንዲህ አይራመድም፣ ልጄ" አሉት። "እኔ ያላየሁት በሽታ የለም። ተናገር።"

ግድግዳውን እያየ ነገራቸው። ዘገዬ አልሳቁም።

"ከትናንት ጀምሮ? ምነው ዝም አልክ? ደም ካላገኘ እኮ ሥጋው ይሞታል።"

"ይቆርጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ተራዬ አልደረሰም።"

"እስቲ ጋደም በል።"

በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ደርበው፣ እብጠቱን በጓንት እጃቸው ጨብጠው ጫን እንዳሉ ቆዩ። ገርባ ጣሪያውን እያየ ቀበሌውንም ሳሙናውንም ራሱንም ረገመ። በመጨረሻ ቆዳው ወደ ቦታው ሲመለስ እንባው መጣ፤ ከሕመሙ ይሁን ከደስታው አላወቀም።

"ታጠቡ ስላሉን እኮ ነው" አለ።

"ብያለሁ። በግድ አትሳቡት፣ ስትጨርሱም ወደ ቦታው መልሱት ብያለሁ። ማን ሰማኝ?" ዘገዬ ጓንታቸውን አወለቁ። "አሁን ቁስሉ እስኪድን እንዳትነካካው። ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ ቆዳውንም እሺ እስካለህ ድረስ ብቻ መልሰው። ቢቀላ፣ መግል ቢይዝ፣ ሽንትህ ሲወርድ ቢቀጥን ና። እንደዛሬው ከታነቀ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አትቆይ።"

"ያኔ ይቆርጡኛል?"

"ሊያስፈልግ ይችላል። አባትህ ሰው ቢልኩብኝ እኔ እመልስላቸዋለሁ። አሁን ግባና ተኛ።"

ገርባ ሕመሙ ቢቀልለውም ሐሳቡ አልጠራለትም። አባቱ አታስነካ ይላሉ፣ ሐኪሙ አትቆይ ይላሉ፤ ሁለቱም የሚሉት ለእሱ ብለው ነው። ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው መሐመድሰዒድ ወገብህ እንዴት ሆነ ብሎ ደግፎ ጋሪው ላይ አወጣው። ባለጋሪው ፈረሱን ወደ ቤት ሊያዞር ሲል ገርባ ትናንት አጠገቡ አንገቱን ደፍቶ የነበረው ወዬሳ ትዝ አለው።

"ወደ ቤት አይደለም" አለ። "አውቶቡስ ተራ ውሰደን። ወዬሳ እዚያ ነው የሚጭነው።"

"ተኛ አላሉህም እንዴ?" አለ መሐመድሰዒድ።

ገርባ ዓይን ዓይኑን አየው። ይህንን ከተናገረ ነገ ወፍጮ ቤቱ ሁሉ ሊሰማ ይችላል።

"ወገቤን አልነበረም። አልተገረዝኩም። ወዬሳም እንደኔው ነው፤ ትናንት ስትስቁ ከሳቁ በኋላ የተነገረውን፣ በግድ አትሳቡት የሚለውን፣ አልሰማም።"

መሐመድሰዒድ ወደ ባለጋሪው ዞረ።

"አውቶቡስ ተራ" አለው ባለጋሪውን። "ፈጠን በል።"