ባሕር ያልገባችው መኪና

ሮላንድ ትራንተር መኪናዋን የገዛት ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ነው። እኔና እሱ በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አብረን ያረጀን ሰዎች ነን፤ እሱ ሞተር ይፈታል፣ እኔ እበይዳለሁ። በእንግሊዝ አገር ደድሊ በምትባል ከተማ ውስጥ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ስለዚህ መኪናዋ በተጎታች ተጭና ስትመጣ ከሚስቱ ቀጥሎ ያየኋት እኔ ነኝ።

መኪና ለማለት ይከብድ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ናት፤ በጎረምሳነታችን ባጠገባችን ስታልፍ አንገታችንን ታስጠመዝዘን የነበረችው ዓይነት። አሁን ግን ሸራው የለም፤ ወለሉ ዝጎ መሬት ይታያል፤ ወንበሯ ላይ የዶሮ ላባ ተነጥፏል። በአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ቆማ ዶሮ ሲፈለፈልባት ኖሯል።

ሚስቱ ሞሪን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረቻት። "ዶሮዎቹስ? አብረው አልተሸጡልህም?"

"ሳቂ፣ ሳቂ። ያለቀች ዕለት 'ከጎንህ አስቀምጠኝ' ብለሽ ትለምኚኛለሽ።"

"እስከዚያ ዕድሜ ከሰጠን" አለችና ሻይ ልታፈላ ገባች።

ሮላንድ ጡረታን የፈራ ሰው ነበር። ከጓደኞቻችን መካከል ሥራ ባቆሙ በዓመቱ የቀበርናቸው አሉ። ይቺ መኪና ግን ጠዋት ጠዋት ከአልጋው የምታስነሳው ሆነችለት። ሞተሩን አውርዶ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ጋራዥ ጥግ አስቀመጠው። ካርቡራተሩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታው፤ ሞሪን "እራቴን የት ልብላ፣ ጭኔ ላይ?" ስትለው ወደ መኝታ ቤት አዛወረው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የብየዳ ማሽኔን ይዤ እሻገራለሁ። የዛገውን እየቆረጥን፣ አዲስ ላሜራ እየቀጠቀጥን፣ ሻንሲዋን መልሰን ለማቆም ሦስት ዓመት ፈጀን። የተቀባችው አረንጓዴ ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ወጣ። "ይህን በአረንጓዴ የሸፈነው ሰው ዓይን የለውም" አለ ሮላንድ፤ ስትጨረስም ሰማያዊ ሊቀባት ወሰነ።

አንድ ቅዳሜ የበሯን የታችኛውን ክፍል ስቆርጥ ከጭቃውና ከዝገቱ ጋር አንድ ክብ ነገር ዱብ አለ።

"ሳንቲም ነው?" አልኩት።

አንስቶ በሱሪው ጠረገው። "ሳንቲም ማንጠልጠያ አለው እንዴ ጉርዲፕ? ሜዳሊያ ነው።"

ሆምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደረው። ጠዋት ሲያወጣው አንዲት ዋናተኛ ተቀርጻበታለች፤ ከጀርባው "ግዌንዳ ፕሮሰር፣ ባርማውዝ" ይላል። ባርማውዝ የዌልስ ባሕር ዳር ከተማ ናት፤ በየነሐሴው የእኛ አካባቢ ሰው የሚጎርፍባት። እነ ሮላንድም ከተጋቡ ወዲህ የቀሩበት ነሐሴ የለም።

"በቃ ሴትየዋን ፈልገን እንሰጣታለን!" አለች ሞሪን እያጨበጨበች። "ደስታዋን አስበው እስቲ!"

ነሐሴ ሲገባ በቤት መኪናቸው ሄዱ። እዚያ የሆነውን የነገረችኝ ሞሪን ናት።

ሴትየዋን ማግኘት አላስቸገራቸውም። ዳቦ ቤት ገብተው ስሟን ሲጠሩ ሻጯ "መምህርት ግዌንዳ? እኔንም አስተምራኛለች" ብላ ወደቡን ቁልቁል የሚያይ አንድ ቤት አሳየቻቸው። ግዌንዳ ሰባን ያለፈች፣ ትከሻዋ ግን እስካሁን የዋናተኛ የሆነ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ሜዳሊያውን መዳፏ ላይ ስታየው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ይሄ እኮ መኪናዬ ውስጥ መስታወቱ ላይ የማንጠለጥለው ነው" አለች። "የት አገኛችሁት? ባሕሩ ተፋው?"

"ባሕሩ?" አለ ሮላንድ።

ነገረቻቸው። በመምህርነት ስትመረቅ አባቷ ሰማያዊ የስፖርት መኪና ገዛላት። ታናሽ ወንድሟ ኢድዋል በቅናት እየተንጨረጨረ "አንድ ቀን ባሕር ውስጥ ባልከታት!" እያለ ይዝት ነበር። አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ለምኖ ወስዶ ወደ ጭፈራ ሄደ፤ ሲመለስ በእግሩ ነው። "ተሰረቀች" አለ። ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ አለ። አባቱ አንዲት ቃል አላመነውም። "ያልካትን አደረግክ፤ ባሕር ከተትካት" ብሎ ከቤት አስወጣው። አባትየውም እንዲያ እንዳለ ሞተ።

"እኔ ደግሞ ሁለት በጋ ሙሉ ወደቡ አፍ ላይ እየጠለቅኩ ፈለግኳት" አለች ግዌንዳ። "አጣኋት። ማዕበል ገፍቷት ይሆናል አልኩ።" በመስኮቱ ወደ ታች ጠቆመች። ከጀልባዎቹ መሃል ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። "ያ ነው ወንድሜ። የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከ'እንደምን አደርክ' አላለፍንም። እና የት አገኛችሁት?"

ሮላንድ ከመስኮቱ ዞረ። "አሮጌ በር... ለመለዋወጫ ብዬ የገዛሁት አሮጌ በር ነበር። እሱ ውስጥ ነው።"

"በሩ ብቻ?"

"አዎ፣ በሩ ብቻ።"

ግዌንዳ ሜዳሊያውን አገላበጠችው። "እንግዲያው ማዕበሉ ሰባብሯት በሩን ዳር ጥሎት፣ አንዱ አንስቶት ነዋ። አባቴ እውነቱን ነበር ማለት ነው።"

ሞሪን ባሏን አየችው። እሱ ምንጣፉን ያያል።

ወደ ደድሊ መንገድ ጀመሩ። ዌልስን ለቀው ሲወጡ ሞሪን "ሜዳሊያ ልንሰጥ ሄደን ሰውየውን እንደገና ሰቅለነው መጣን" አለች።

"ሦስት ዓመቴን እኮ ነው ሞሪን! በእጄ የሠራኋትን ትውሰድብኝ?"

"እኔ ውሰጂ አላልኳትም። አንተም ሰውየውን አይተኸዋል፤ እኔም አይቼዋለሁ።"

ሮላንድ ቤት እንደገባ መኪናዋን በአንሶላ ሸፈናት። ቅዳሜ ማሽኔን ይዤ ብሻገር "ዛሬ ወገቤን አሞኛል" ብሎ መለሰኝ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ወገቡ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሞሪን በአጥሩ በኩል ጠርታ ሁሉንም ነገረችኝ። ገብቼ ጋራዡ ውስጥ ባልዲ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

እውነቱን ለመናገር እኔ ዝም በል ነው ያልኩት። "ማን ያውቃል? በገንዘብህ ነው የገዛሃት። አልሰረቅክ።"

"አልሰረቅኩም" አለ። "ያም ሰውዬ አልሰረቀም፣ ባሕርም አልከተተም። እኔ 'አልሰረቅኩም' ብል ታምነኛለህ። እሱን ግን ያመነው የለም።"

ሮላንድ ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ሞሪን ከግዌንዳ ጋር አድራሻና ስልክ የተለዋወጠችበትን ወረቀት አውጥቶ ስልኩን አነሳ። እንደ ቆመ ነው የደወለው።

"ወይዘሮ ግዌንዳ፣ የደድሊው ሮላንድ ነኝ። ዋሽቼዎታለሁ። በሩ ብቻ አይደለም፤ መኪናዋ በሙሉ እኔ ጋ ናት። ከገበሬ ጎተራ ነው የገዛኋት።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎት "ሃሎ?" አለ።

"ጨው አልነካትም?" አለች ግዌንዳ ቀስ ብላ።

"ጨው የሚባል አልነካትም። የነካት የዶሮ ኩስ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። ሮላንድ ፖሊስ የሚመጣ መሰለውና ጺሙን ተላጨ። እኔ ስስቅበት "ምን ያስቅሃል፣ ተጎሳቁዬ ልያዝ?" ብሎ ተቆጣኝ። ፊቱ ግን ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊት መስሎ ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ በራቸው ላይ ታክሲ ቆመ። መጀመሪያ ግዌንዳ ወረደች። ከኋላዋ ያ ቢጫ ካፖርት።

ማንም ሰላምታ በቅጡ አልተሰጣጠም። ሮላንድ ጋራዡን ከፈተና አንሶላውን ገፈፈ። ግዌንዳ በሩ ላይ ቀረች። ኢድዋል ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ተንበረከከና እጁን ከዳሽቦርዱ ሥር ሰደደ።

"ሬዲዮ ላስገባ ብዬ ሳልጠይቃት የበሳሁት ቀዳዳ ነበር" አለ። "እንዳታይብኝ በቆርቆሮ ደፍኜዋለሁ።" ጣቶቹ ጥቂት ዳበሱ። "አለ። እዚሁ አለ።"

ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ መልሶ ሳቀ።

"ቁልፉ ኪስህ ውስጥ እያለ እንዴት ወሰዷት?" አልኩት ሳላስበው።

"እሱንስ እኔ ልንገርህ" አለ ሮላንድ። "ስፈታት ከመሪው ሥር ሁለት ሽቦ ተልጦ በቴፕ ተጣምሮ አግኝቼ 'የትኛው ደደብ ነው?' ብዬ ነበር። ሌባው ነዋ! ሽቦ አገናኝቶ ነው ያስነሳት። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ መስታወት መስበር አላስፈለገውም። ሜዳሊያውም ተበጥሶ በበሩ መስታወት ክፍተት ወደ ውስጥ ገብቶ ነው።"

ግዌንዳ ወደ ወንድሟ ቀረበች። "ኢድዋል፣ አላመንኩህም።"

"አውቃለሁ።"

"ባቡር ላይ ልነግርህ ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። ይቅር በለኝ።"

ኢድዋል አፍንጫውን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ። "ወደቡ አፍ ላይ ስትጠልቂ እኔ ከድንጋዩ ጀርባ ሆኜ እጠብቅሽ ነበር። እዚያ ጋ ውሃው ይጎትታል፤ ትሰጥማለች ብዬ።"

ትከሻውን በቡጢ አለችው። "ታዲያ 'እዚህ የለችም' ብለህ አትጮህም ነበር!"

"ብጮህ ታምኚኝ ነበር?"

ራሱን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው፤ እሱም እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ተያዘላት። ሞሪን እጄን ጎትታ ወደ ግቢ አወጣችኝ፤ ሮላንድም ተከተለን።

በኋላ ሻይ ሲጠጣ ሮላንድ ሊብሬውንና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወደ ግዌንዳ ገፋ። "የእርስዎ ናት። ሞተሩን ከፈለጉ ገጥሜ እሰጥዎታለሁ።"

"ኧረ እኔ እዚያ ውስጥ ብገባ የሚያወጣኝ ክሬን ነው" አለች። "እኔ ይቺን መኪና ባሕር ውስጥ ቀብሬያት ኖሬያለሁ። ያነሳሃት አንተ ነህ፤ ያንተው ትሁን። ግን ስታልቅ መጀመሪያ የሚነዳት ኢድዋል ነው።"

ሮላንድ ቁልፉን ወደ ኢድዋል ገፋ። ሞሪን ሳህን ልታነሳ እንደሆነች አስመስላ ጀርባውን ዳበስ አድርጋው አለፈች።

"መንዳቱ ይቆይ" አለ ኢድዋል። "መጀመሪያ ሞተሩን ልየው። ይሄ ሰውዬ የሚያውቀው አውቶቡስ ነው።"

"ከጀልባ ይሻላል!" አለ ሮላንድ። "የእኔ አውቶቡስ ቢቆምም አይሰጥምም።"

የሕጉንም ነገር አልተዉትም። ግዌንዳና ሮላንድ አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አስመዘገቡ። የተቀበለቻቸው ፖሊስ መኪናዋ ስትሰረቅ ገና አልተወለደችም ነበር። የሸጠው ገበሬ ከሟች አጎቱ ነው የወረሳት፤ አጎቱ ከማን እንደገዛ የሚያውቅ አልተገኘም። ሊብሬው በመጀመሪያ በግዌንዳ ስም ተስተካከለ፣ ቀጥሎ በሕጋዊ መንገድ ወደ ሮላንድ ዞረ። ያን ዕለት ሮላንድ ሶፋው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ፤ ሞሪንም ማንኮራፋቱን እየሰማች ለእራት እንኳ አልቀሰቀሰችውም።

ኢድዋል ለጥቂት ቀን ብሎ መጥቶ ብርዱን ወራት ሁሉ ትርፍ ክፍላቸው ውስጥ ከረመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተሰዳደቡ ሠሩ። አንዱ የጠበቀውን ብሎን ሌላው ያላላል። ግዌንዳ ማታ ማታ ትደውላለች፤ ወሬው ከፒስተን ተነስቶ ልጅነታቸው ላይ ያርፋል፤ ሞሪን ሹራብ እየሠራች "ዛሬም አንድ ሰዓት አለፉ" ትለኛለች። ካርቡራተሩ ከመኝታ ቤት ወጣ። ቀለሙን ራሴ ረጨሁት።

ሞተሩ ሊነሳ የተቀጠረው አንድ የመጋቢት ጠዋት ነበር። መጀመሪያ አስነጠሰ። ቀጥሎ ፀጥ። ሮላንድ አመድ መሰለ። ኢድዋል ኮፈኖውን ከፍቶ አንዲት ካንዴላ ፈትቶ፣ እፍ ብሎባት፣ መልሶ አሰራት። "አሁን ሞክር።" ሞተሩ ተነሳ፤ ቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ፤ የጎረቤት ውሾች ሁሉ ጮኹ። እኔ ስጮህ የራሴ ድምፅ አልተሰማኝም።

ወደ ባርማውዝ ሲወርዱ እኔና ሞሪን በቤት መኪናቸው ተከተልናቸው። ዌልስ ገባን ስንል ዝናብ ጣለ፤ ሁለቱ ጣሪያውን አልዘረጉም፤ መላጣቸው ሲያብለጨልጭ ከኋላ እናያለን። መሪውን የያዘው ኢድዋል ነው። ወደቡ ላይ ሲደርስ ዝግ አለ። ጀልባ ላይ የነበሩ የዕድሜ እኩዮቹ አንድ በአንድ ሥራቸውን አቆሙ።

"ኢድዋል!" ብሎ ጮኸ አንዱ። "ያቺ ናት እንዴ?"

"ራሷ ናት!" አለ ኢድዋል። "ጎተራ ውስጥ ዶሮ ስታረባ ነው የከረመችው!"

ሰዎቹ እየወረዱ ከበቧቸው። እጁን የሚጨብጥ አለ፤ ቆቡን አውልቆ የሚቆም አለ። ግዌንዳ ከቤቷ እስክትወርድ ዝናቡ አባራ። የተጠበሰ ዓሣና ድንች በወረቀት ገዝታ መጣች፤ የወደቡ ግንብ ላይ ተደርድረን ስንበላ ሞሪን ወደ ሰማያዊዋ መኪና ሄዳ የተሳፋሪውን በር ከፈተች፣ ገብታ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች። ሮላንድ አያት፤ "ትለምኚኛለሽ" ያላትን አላነሳባትም። ከወረቀቱ ላይ ትልቁን ዓሣ መርጦ ወሰደላት።